የወንበሬ ልክ

ታኅሣሥ 3

ሥራ ብቻ። ሁለት ሱሪ አሳጠርኩ፣ የአንድ ኮት ገበር ቀየርኩ። የስፌት መኪናዬን ፔዳል ጠረጴዛው ላይ አስቀምጬ በክርኔ ስጫነው መዋል ነው። ማታ ማታ ክርኔን ያመኛል። የእግሬን ሥራ ክርኔ ወረሰው… ምን ይደረግ።

ከሰዓት ታላቅ እህቴ፣ እትዬ፣ ደወለች። ልጇ ልታገባ ነው። ጥር 18። ቀሚሱን የምሰፋው እኔ ነኝ፣ ይሄ ክርክር የለውም። ልጅቷ ከተወለደች ጀምሮ ደህና ልብሷን ሁሉ የሰፋሁላት እኔ ነኝ። ሰርጉ ሲቃረብ ወደ እነሱ ከተማ ሄጄ፣ ቀሚሱን እላይዋ ላይ እያየሁ እጨርሰዋለሁ። ደስ አለኝ፣ እንባዬም መጣ። ስልኩን ከዘጋሁ በኋላ ነው ጥያቄው የመጣብኝ። የት ነው የማርፈው?

ታኅሣሥ 5

እሷ ቤት አልገባም። ቁርጥ።

ሦስተኛ ፎቅ ነው፣ ሊፍት የለውም። ባለፈው ዓመት የልጅቷ ምርቃት ጊዜ አራት ወንዶች ከነባለጎማ ወንበሬ ተሸክመው አወጡኝ። አንድ ጫማዬ ወለቀ። ቀሚሴ ወደ ላይ ተሰበሰበ፣ እጄ የወንበሩን ክንድ ጨብጦ ስለነበር ላወርደው አልቻልኩም። መታጠፊያው ላይ አንዱ "ቀስ በሉ፣ ቀለሙን እንዳትነኩት" አለ። ለግድግዳው አዝኖ ነው። ከዚያ እስክመለስ ድረስ ውሃ መጠጣት ተውኩ፤ መጸዳጃ ቤት በፈለግኩ ቁጥር ሰው መጥራት ሆነ እኮ። ስቄ ስጫወት ቆይቼ እቤቴ ስደርስ አለቀስኩ።

ስለዚህ… ወይ በራሴ ጎማ ገብቼ በራሴ ጎማ የምወጣበት ክፍል ይገኛል፣ ወይ ቀሚሱን በሰው እጅ ልኬ እኔ እቀራለሁ። የእህቴ ልጅ ሰርግ ላይ ካልሆነልኝ ደግሞ የትም አይሆንልኝም። ከዚህ ወዲያ ጉዞ የሚባል ነገር አላነሳም።

ታኅሣሥ 6

ሆቴል እይዛለሁ ብዬ ለእትዬ ነገርኳት።  

"ቤቴ እያለ? እህቷ ሆቴል አደረች ሲሉ ምን ልበላቸው?"

ደረጃውን አስታወስኳት። ጎረምሶቹ አሉ፣ ብድግ ነው የሚያደርጉሽ አለች። እኔ ብድግ መደረግ አልፈልግም አልኩ። አልገባትም መሰለኝ። ወይስ ገብቷት ነው? እህል የሞላ ጆንያ እንኳ ሲሸከሙት አይስቅም፣ እኔ ግን መሳቅ ነበረብኝ… ይሄን ግን አልነገርኳትም። ሆድ ይፍጀው።

ታኅሣሥ 8

ቀኑን ሙሉ ስልክ። እዚያ ከተማ ያሉት ሆቴሎች ሁሉ ጋ ደውዬ ሳልጨርስ አልቀረሁም። አሁን ጭራሽ የማውቀውም ጠፋብኝ።

የመጀመሪያው እንግዳ ተቀባይ፣ ለዊልቸር ይመቻል ወይ ስለው "ይመቻል፣ እናቴ" አለ። ደረጃ አለው? "እንዴታ፣ ደረጃውን የጠበቀ ነው።" እኔ የምወጣው ዓይነት አይደለም ልለው አስቤ ተውኩት።

ሁለተኛው ሊፍት አለን አለ። ተመስገን። ሊፍቱ ጋ ለመድረስስ? ትንሽ ደረጃ አለች፣ ልጆቹ ብድግ ያደርጉዎታል። እንደገና ብድግ።

ሦስተኛውን የመታጠቢያ ቤቱ በር ምን ያህል ይሰፋል ብዬ ጠየቅኩት። ቴሌቪዥኑ በጣም ትልቅ ነው አለኝ። በቅሎን አባትሽ ማነው ቢሏት ፈረስ አጎቴ ነው አለች።

አራተኛዋ፣ ታማሚዋ ምንዎ ናቸው አለች። እኔው ነኝ፣ ግን አልታመምኩም፣ ወንበር ላይ ነው የምሄደው አልኳት። "እግዜር ይማርዎት" ብላ ዘጋችው። ክፍል ይኑራቸው አይኑራቸው ሳላውቅ ቀረሁ።

አምስተኛው ለዊልቸር ተብሎ የተሠራ መታጠቢያ ቤት አለን አለ። ልቤ ዘለለች። ከዚያ ድምፁን ዝቅ አድርጎ፣ አሁን ፍራሽ አስቀምጠንበታል አለ። ማውጣት አይቻልም? ሌላ ማስቀመጫ የለንማ።

ሁሉም ጨዋ ናቸው፣ ሁሉም ይመርቃሉ። ክፉ ቢሆኑ ተቆጥቼ ይወጣልኝ ነበር። አሁን ማንን ልቆጣ?

ታኅሣሥ 9

ይመቻል ማለት ምን ማለት ነው? ለማን?

ታኅሣሥ 14

አንድ ተስፋ ያለው አገኘሁ። ባለ አንድ ፎቅ፣ ምድር ላይ ክፍሎች አሉት፣ መግቢያው ደልዳላ ነው ተባልኩ። የመታጠቢያ ቤቱን በር ይለኩልኝ አልኩ። ሰውየው ሜትር ስለሌለው በስንዝሩ ለካ። ሦስት ስንዝር ከምናምን። እኔ ደግሞ ወንበሬን በስንዝሬ ስለካው አራት ሊሞላ ነው። የሱ ስንዝር የማን ስንዝር ነው? ረጅም ሰው ይሁን አጭር በምን አውቃለሁ? ቁመትዎ ስንት ነው ብዬ ልጠይቀው ስል ራሴን ያዝኩ። ባልቴት አበደች ይለኛል።

ታኅሣሥ 17

ሙሽራዋ ለመጀመሪያው ልክ በአውቶቡስ መጣች። ከስታለች። ክብደት ጨምሬያለሁ ብላ ታማርራለች፣ መርፌዬ ግን ሌላ ነው የሚናገረው። ሰርግ የደረሰባት ሴት እንዲህ ናት፣ የምትናገረውና የምትለካው አይገናኝም።

እሷን ስለካ ነው ሐሳቡ የመጣልኝ። ለምን በቁጥር እጨቃጨቃለሁ? ከጣቃው አቡጀዲ ሳብኩና ወንበሬ ላይ ዘረጋሁት፣ በእጄ ከምገፋው ከአንዱ ጎማ ቀለበት እስከ ሌላኛው። ሁለቱንም ጫፍ እንዳይተረተር፣ ጠርዙን እንደ መጋዝ ጥርስ በሚያወጣው ጥርሳም መቀሴ ቆረጥኩ። የወንበሬ ልክ ይኸው። ሜትር አያስፈልገው፣ ስንዝር አያስፈልገው።

"ለእናትሽ ስጫት። ሆቴሉ ሄዳ በየበሩ ትዘርጋው፤ ይሄ ጨርቅ ካለፈ እኔም አልፋለሁ በያት።"

"እማዬ እኮ ሆቴሉን አልወደደችውም።"

አውቃለሁ። ሌላ ግን ማንን እልካለሁ? እዚያ ከተማ ያለኝ ሰው እሷ ብቻ ናት። ባትወደውም ታደርገዋለች። ታደርገዋለች?

ታኅሣሥ 29

እትዬ ደወለች። ሄዳ አየች። የመግቢያው በር ያልፋል፣ የክፍሉ ያልፋል፣ የመታጠቢያ ቤቱ ልክክ ብሎ ያልፋል። አንሶላው ንጹሕ ነው አለች፤ ይሄ ከሷ አፍ ሲወጣ ትልቅ ምስክርነት ነው። ቤተሰቡ በሙሉ ሳሙና ነው የሚላት። አንድ ጊዜ ብር አጥባ በልብስ መቆንጠጫ ገመድ ላይ አስጥታ፣ እኛ ስንስቅ እሷ ነፋስ እንዳይወስደው ስትጠብቅ ውላለች።

ሌላ ምንም አላለችም። ሰው ምን ይለኛልም አላለች። አመሰገንኳት። "እሺ" ብላ ዘጋችው። ምነው እንዲህ ቀዘቀዘች? ደስ ሊለኝ ሲገባ ግራ ገባኝ።

ጥር 7

ቀሚሱ አለቀ ማለት ይቻላል። የቀረው ወገቡና የታችኛው ጠርዝ ነው። ሻንጣዬን ከወዲሁ ሸከፍኩ። እንደ ልጅ።

ጥር 15

ደረስኩ። ጎረቤቴ በሚኒባሱ አምጥቶ ሆቴሉ በር ላይ አወረደኝ። እትዬ ቆማ ትጠብቀኛለች።

መግቢያው ደልዳላ ነው፣ እንደተባለው። በራሴ ጎማ ገባሁ፣ ቁልፌን በራሴ እጅ ተቀበልኩ። የክፍሉ በር አለፈ። ክፍሉ ሁለት አልጋ አለው፣ መስኮቱ የመኪና ማቆሚያውን ያያል። ውብ አይደለም፣ ለኔ ግን ቤተ መንግሥት መሰለኝ። ከዚያ ወደ መታጠቢያ ቤቱ ገፋሁ።

ገጭ። ሁለቱም ቀለበቶች ከበሩ ጋር። ወደኋላ ብዬ አስተካክዬ እንደገና… ገጭ። የጣቴ አንጓ ተላጠ። እትዬ ከቦርሳዋ በላስቲክ የተጠቀለለ ጨርቄን አወጣች፣ በሩ ላይ ዘረጋችው። አለፈ፣ ልክክ ብሎ። "ያልፋላ!" አለች። እኔ አላልፍም። ጨርቁ ያልፋል፣ እኔ አላልፍም።

"እንግዲህ ቤት እንሂድ። ጎረምሶቹ ደረጃው ሥር ይጠብቃሉ፣ ብድግ ነው የሚያደርጉሽ።"

ቀድማ ጠርታቸው ኖሯል? እምቢ አልኩ። ቀለም የሚነካ ሰው አይደለሁም አልኳት፤ ምን ማለቴ እንደሆነ የገባት አልመሰለኝም። ጨርቁን ግን ከእጇ ተቀብዬ አስቀረሁት።

መጸዳጃ የተጠቀምኩት ከምግብ አዳራሹ ጀርባ ያለውን ነው። ሰው በሚበላበት ጠረጴዛ መሐል እየተሽሎከሎክኩ፣ "ይቅርታ፣ ይቅርታ" እያልኩ። አንዱ ሰውዬ ማንኪያውን አስቀምጦ ተነሣልኝ፣ ሳልፍም ቆሞ ጠበቀኝ። እንደ ቀብር።

ጥር 16፣ ጠዋት

ጨርቁን ወንበሬ ላይ ዘረጋሁት። ሁለት ጣት ያጥራል።

ወንበሩ አደገ? ብረት ያድጋል? እኔው በገዛ እጄ የቆረጥኩት ነው። ሠላሳ ዓመት ልብስ የሰፋች ሴት ሁለት ጣት አትስትም። ታዲያ?

አንድ ነገር ብቻ ነው የሚታየኝ፣ ማሰቡ ግን ያሳፍራል። እትዬ ቆረጠችው። ቤቷ እንድገባ። ለዚህ ነው ስልክ ላይ የቀዘቀዘችው፣ ለዚህ ነው ጎረምሶቹ ቀድመው የተጠሩት። ግን ደግሞ… ሁለቱም ጫፎች ጥርሳቸው አለ። የኔ መቀስ ጥርስ፣ አንድም ያልጎደለ። እሷ እንዲህ ያለ መቀስ የላትም። ሌላ ጨርቅ ቀይራ ይሆን? አይ፣ ያው የኔው አቡጀዲ ነው። ሳሙና ሳሙና ይሸታል፤ የሷ ዕቃ ሁሉ እንዲህ ነው የሚሸተው። ሰው ይዋሽ ይሆናል። ጨርቅ እንዴት ይዋሻል?

ለጎረቤቴ ደወልኩለት። ነገ ና፣ ውሰደኝ አልኩት። ሰርጉስ አለኝ። ቀሚሱን ዛሬ እጨርሳለሁ፣ ሰርጉ ያለኔ ይሆናል። ሳልታጠብ ሰው ፊት አልቀርብም፣ ተሸክመውም አያጥቡኝም። በቃ።  የምተወው ሰርጉን ብቻ መስሎኝ ነበር፤ ለካ ጉዞ የሚባለውንም ነው።

ጥር 16፣ ከሰዓት

ይሄን ሳልጽፍ አልውልም።

ሙሽራዋ ለመጨረሻው ልክ መጣች። አልጋዎቹ መሐል ቆማ፣ እኔ ወንበሬ ላይ ሆኜ ጠርዙን በመርፌ እይዛለሁ። እንደምሄድ አልነገርኳትም። ለማውራት ያህል፣ ገበሩን ቀድመሽ አጥበሽዋል ወይ አለችኝ፣ የጓደኛዋ ቀሚስ ታጥቦ ጉልበቷ ላይ ቀርቷል አሉ። "እንዴታ!" አልኳት። "ሳይታጠብ የተቆረጠ ጨርቅማ ሲታጠብ ይሰበሰ…"

ከአፌ ሳይወጣ ቆመ። መርፌው እጄ ላይ ቀረ። ለስንቱ ደንበኛ፣ ለስንቱ ተማሪ ስለው የኖርኩት ነገር! አቡጀዲ ሳይነከር አይቆረጥም። እኔ ግን ከጣቃው ስቤ ቆረጥኩት፣ ቆርጬም ለማን ላክሁት? ለሳሙና።

እትዬ ልጇን ልትወስድ መጣች። ጨርቁን ምን አደረግሽው ብዬ ጠየቅኳት።

"አጠብኩታ። በስንት አውቶቡስ ተንከባሎ የመጣ ነገር እንዲሁ ቦርሳዬ ውስጥ ልክተተው? በሙቅ ውሃ አጠብኩት፣ ተኮስኩት።"

ሳቅ ያዘኝ። እሷም ምን እንደሆነ ሳይገባት አብራኝ ሳቀች፣ ሙሽራዋ ከነመርፌዋ ሳቀች። ከዚያ ነገሩን አስረዳኋት። ሳቋን አቆመች። እኔም ከምደብቀው ብዬ አወጣሁት፣ የቆረጥሽው መስሎኝ ነበር አልኳት።

አልጋው ላይ ተቀመጠች። አንሶላውን በእጇ ደጋግማ አለሰለሰች።

"ልቆርጠው አስቤ ነበር" አለች። "መቀስ አንስቼ ነበር። ሳየው ከሁለቱም ጫፍ ጥርስ አለው። ብቆርጠው ታውቂብኛለሽ። ተናድጄ አጠብኩት።"

 ልቀየማት ወይስ ላመሰግናት? ቆርጣው ቢሆን አውቅ ነበር፣ አልቆረጠችውም፣ እሱም ደግሞ አጠረ። ለሰሚው ግራ ነው።

"ሰው ምን ይለኛል ብዬ ነው እንጂ" አለች። "ያን ቀን ደረጃው ላይ ትስቂ ነበር። ዓይንሽን ግን ጨፍነሽ ነበር። አይቼሻለሁ።"

ለካ አይታኛለች። አንድ ዓመት ሙሉ አልገባትም እያልኩ… ለጎረቤቴ መልሼ ደወልኩ። ነገ አትምጣ፣ እኔ ራሴ እደውልልሃለሁ አልኩት።

ጥር 17

ጠዋት እትዬ መጣች፣ እጅጌዋን ሰብስባ። ሰርጉ ነገ ነው፣ ቤቷ በእንግዳ ተሞልቷል፣ እሷ እዚህ። ወንበሬን በሩ ድረስ አስገፋችኝና አጎንብሳ አየች። የሚከለክለኝ መቃኑ ብቻ አይደለም። በሩ ተከፍቶ እንኳ የሳንቃው ውፍረት መንገዱ ላይ ይቀራል። ሁለት ጣት።

ሥራ አስኪያጁ ተጠራ። በሩ ይነቀል አለችው። ደነገጠ። እመቤቴ፣ በር የሌለው መታጠቢያ ቤት ለእንግዳ አንሰጥም፣ ነውር ነው አለ።

"እንግዳዋ እሷ ናት፣ ጠይቃት። ነውሩ የሚብሰው ሰው በሚበላበት መሐል አልፋ ስትሄድ ነው።"

ወደኔ ዞረ። ይነቀልልኝ አልኩ። የሆቴሉ ጥገና ሠራተኛ ማጠፊያውን ፈታ፣ ሳንቃውን ግድግዳ ላይ አስደገፈ። ገፋሁ። የግራው ቀለበት መቃኑን ነካ አድርጎ… አለፍኩ። ውስጥ ገብቼ ዞርኩ፣ መስታወቱ ውስጥ ራሴን አየሁ። ለብቻዬ። ከቤቴ ውጭ እንዲህ ያለ ክፍል ውስጥ ለብቻዬ ከሆንኩ ስንት ጊዜዬ ነው? ውሃውን ከፍቼ አለቀስኩ። ደስ ብሎኝ ነው መሰለኝ። አላወቅኩትም።

ለበሩ ትርፍ አንሶላ ወስጄ፣ አናቱን አጥፌ ሰፍቼ መጋረጃ አበጀሁለት። ሥራ አስኪያጁ አይቶ፣ ሲሄዱ ይተዉልናል ወይ አለ። አንሶላው እኮ የራሱ ነው።

ጥር 19

ትናንት ሰርጉ ሆነ። በራሴ ጎማ ገባሁ፣ ተራዬን ጠብቄ ሙሽራዋን ሳምኳት። የቀሚሱ ወገብ ልክ ነው። ጠርዙ በግራ በኩል ቅንጣት ታህል ይወርዳል፣ ከኔ በቀር ማንም አላየም፣ እኔ ግን ቀኑን ሙሉ አየሁት። አንዲት ዘመዳችን እትዬን ጠጋ ብላ፣ እህትሽ ሆቴል ነው አሉ የገባችው አለቻት። ከጎኗ ነበርኩ።

"አዎ" አለች እትዬ። "እኔም እዚያው ነኝ።"

እውነትም መጣች። የራሷን አንሶላ ይዛ! ሁለተኛው አልጋ ላይ አነጠፈችና ተኛች፣ ቤቷን ለእንግዶቹ ለቅቃ። ዛሬ ጠዋት እኔ ስታጠብ፣ በር ስለሌለ እንዳላፍር ብላ ጀርባዋን ሰጥታ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ታወራ ነበር። ስለ ምን እንደሆነ አልሰማሁም። ውሃውም ይጮኻል፣ እሷም ትጮኻለች። ከዚያ ሁለት ብርጭቆ ውሃ ጠጣሁ፣ ሳላስብ።

የካቲት 11

ሥራ። የትምህርት ቤት ዩኒፎርም፣ ሁሉም ኪሱ የተቀደደ። ክርኔ ያው ነው።

ከሰዓት ወንድማችን ደወለ፣ ከሩቅ። ሐይቅ ዳር አዲስ ቤት ገብቷል፣ ለፋሲካ ሁላችሁም ኑ ይላል። ደስታዬን ገልጬለት ስዘጋ ያ የሰርጉ ጊዜ ጥያቄ እስኪመጣብኝ ጠበቅኩ። ሳይመጣ እትዬ ደወለች። ሰምተሻል? ሰምቻለሁ። አሁን ሰው ምን ይላል ልትል ነው ብዬ ተዘጋጀሁ።

"የት ነው የምናርፈው?" አለች።

የምናርፈው።  አለሽ ወይ አለች። አለሁ አልኩ። ወንድማችን ቤት ደረጃ ይኑረው አይኑረው አታውቅም፣ እኔም አላውቅም። እሷ አስቀድማ ሄዳ በሮቹን ታያለች፣ የሱን ቤትም፣ ሆቴሎቹንም። እንደዚያ ያለ ሌላ ጨርቅ ቁረጪና ላኪልኝ፣ በሩን ስለ ማስነቀል ለኔ ተዪው አለች።

አዲስ አቡጀዲ አወጣሁ። የፈላ ውሃ ውስጥ ነከርኩት፣ አስጥቼ አደረቅኩት፣ ተኮስኩት፣ ከዚያ ነው ወንበሬ ላይ ዘርግቼ የቆረጥኩት። አሁን የፈለገችውን ያህል ትጠበው።